ቤቱ የማን ነበር? (ስለ አሮጌ የፍርድ ቤት መዝገብና ስለ እማኝነት)

ከቤቱ የወጣ ሰው ስለ ቤቱ ሲያወራ ቤቱ ያድጋል። ሁለት ክፍል የነበረው አራት ይሆናል፤ የሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ከጎረቤት ጋር ያከራከረው የአጥር ድንበር ግን ጨርሶ ይረሳል። በዚህ ማንንም አልወቅስም። በባሱንዳ ፀሐይ ከሸራና ከራኩባ ሥር ለሚውል ሰው ያ ቤት ስንቅ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከፊታችን ተደቅኗል። የምንመለስበት ቀን የመጣ እንደሆነ «ይህ ቤት የማን ነበር?» ተብለን እንጠየቃለን። ጠያቂው ዳኛ ሊሆን ይችላል፤ በቤታችን ገብቶ የተቀመጠ ሌላ ተፈናቃይ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ መጠለያ ውስጥ የተወለደ የገዛ ልጃችንም ሊሆን ይችላል። ለሦስቱም የምንሰጠው መልስ አንድ መሆን አለበት። አንድ እንዲሆን ደግሞ እውነት መሆን አለበት።

ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ አሮጌ የፍርድ ቤት መዝገብ ስለ አንድ ቤት ታሪክ ምን ሊነግረን እንደሚችል፣ ምን ሊነግረን እንደማይችል፣ ከሁሉ በላይ ግን የነገረን ነገር በእኛው ላይ የሚመሰክር ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለብን ለመመርመር እሞክራለሁ።

የቤት ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ የሰው አፍ፣ ግድግዳውና ጽሑፍ። የሰው አፍ ይወድዳል፣ ይጠላል፣ ይረሳል። ግድግዳ አይዋሽም፤ ግን አንደበት የለውም፤ ከእሳትና ከዶዘርም አያመልጥም። ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። የግብር ደረሰኝ የከፋዩን ስም ይይዛል እንጂ ስለ ሌላው ዝም ይላል። የሽያጭ ውል የተስማሙ ሰዎች የጻፉት ስለሆነ የተከፋውን ሦስተኛ ሰው አያነሣም። የፍርድ ቤት መዝገብ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ የማይስማሙ ሰዎች በአንድነት ያጻፉት ነው። ከሳሽ ያለው አለ፤ ተከሳሽ የመለሰው አለ፤ ምስክሮች የተናገሩት፣ ዳኛው ያመነውና ያላመነው አለ። የተሸናፊው ቃል ከአሸናፊው ቃል ጋር በአንድ ክር ተሰፍቶ የሚኖርበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ጥንት በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው እርስ በርሱ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። በመዝገብ ላይ ሁለቱ ከሞቱ በኋላ እንኳ ቁራኝነታቸው አይፈታም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን ከዚህ ብዙም የማትርቀው ጎንደር ናት። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በአካባቢው የመሬትና የቤት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስና ክርክር በየአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉ ራሱ መዝገብ ቤት ነበር ማለት ነው። ምክንያቱም አያስቸግርም፤ ብራና ዘመን ይሻገራል፤ በቅዱስ መጽሐፍ ላይ የሰፈረን ቃል ለመፋቅ የሚደፍር እጅም ጥቂት ነው። ማስታወሻዎቹ በማን ንጉሥና በማን ሹም ዘመን እንደ ተጻፉ፣ ሻጭና ገዢ እነማን እንደ ነበሩ፣ በወርቅ ወይም በአሞሌ ምን ያህል እንደ ተከፈለ፣ እማኞቹ እነማን እንደ ሆኑ ይናገራሉ።

ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ እነዚህን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መሬትና ስለ ኅብረተሰብ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቶባቸዋል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት ግን ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር አሳይቷል፤ ይኸውም ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ እ.ኤ.አ. በበጌምድር ሴቶች በንብረት ላይ ያደረጉትን ክርክር ነው። በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶች ባለ ርስት፣ ሻጭ፣ ገዢ፣ አውራሽና ተከራካሪ ሆነው ይታያሉ። እስቲ ይህንን ከራሳችን ወግ ጋር እናስተያየው። «የአባቴ ቤት» እንላለን እንጂ ቤቱ በማን ገንዘብ እንደ ተሠራ፣ ቦታው በማን ወገን እንደ መጣ አንጠይቅም። መዝገቡ ሲገለጥ ግን ቦታውን ከወላጆቿ ያገኘችው፣ በዳኛ ፊት ቆማ የተከራከረችለት እናት ወይም አያት ብትሆንስ? ቤቱ ያው ቤት ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ።

የእነዚህ ብራናዎች ዕጣ ደግሞ ከእኛ ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲበዘብዙ ብዙ መጻሕፍት ከአብያተ ክርስቲያናት ተወስደው ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ መጻሕፍቱን ዘረፈ፤ ከዘረፈውም 350 ያህሉ በብሪቲሽ ሙዚየም እጅ ገቡ፤ ዛሬ የሚገኙት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ አጠገባችን በገላባት በኩል የዘመተው የደርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ጎንደር ገብቶ ከተማዋንና አያሌ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ። እንግዲህ ነገሩን አስተውሉት፤ ቤቱ በአገሩ ሆኖ ተቃጠለ፤ ስለ ቤቱ የሚመሰክረው ብራና ግን ተሰድዶ ተረፈ። ዘረፋን ማመስገኔ አይደለም፤ ዘረፋ ዘረፋ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ምስክር ሁልጊዜ በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አይገኝም። አንዳንድ ጊዜ በስደት አገር ይገኛል።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በካይሮ የድሮ ቃዲዎች ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው የቤት ሽያጭና ክርክር ተመዝግቦ ይገኛል። ኔሊ ሐና የተባለችው ምሁር በእነዚህ መዛግብት በመጠቀም በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የካይሮ ሰው እንዴት ባለ ቤት ይኖር እንደ ነበር ጽፋለች። የታላላቆቹ ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ የመካከለኛው ሰው ቤት ግን ፈርሶ የቀረው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው። ወረቀት ለድኻ ቤት ከድንጋይ ይልቅ ይታመናል።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ጠብ ያልነበረበት ቤት እንኳ በሽያጩ ቀን በፍርድ ቤት ደጃፍ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ ቤት ወደ ፍርድ ቤት የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። በሞት ይገባል፤ ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ሲጠይቁ የልጆች ስምና አንዳንዴም ኑዛዜው ይያያዛል። በፍቺ ይገባል፤ የባልና የሚስት ንብረት ሲካፈል ቤቱ እስከ በሩና መስኮቱ ይቆጠራል። በዕዳ ይገባል፤ ቤቱ ተገምቶ በሐራጅ ይሸጣል። በድንበር ይገባል፤ ጎረቤት «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከሳል። በመጨረሻም በመፋለም ክስ ይገባል፤ ባለቤት ነኝ ባዩ ንብረቱ ከያዘው ሰው እንዲመለስለት ይጠይቃል።

ፈላጊው ማወቅ ያለበት አንድ ዘዴ አለ። መዝገብ ቤት ውስጥ ቤት በስሙ አይጠራም፤ የሚጠሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፍለጋው ከመጨረሻው ባለቤት ተነሥቶ፣ ከማን ወረሰ፣ ከማን ገዛ እያለ በሰው ስም ወደ ኋላ ይሄዳል። የአንዱ ዱካ ሲጠፋ ደግሞ አዋሳኙ ይረዳል። በድሮ ጽሑፍ የአንድ ቦታ ወሰን የሚነገረው «በምሥራቅ የእገሌ ቤት፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የእገሊት ቦታ» ተብሎ ነው። ስለዚህ የእኔ ቤት ፋይል ቢጠፋ በጎረቤቴ ፋይል ውስጥ ስሜ በወሰንነት ተጽፎ ይገኛል። ጎረቤት ሳይፈልግ ምስክሬ ሆኖ ይኖራል፤ እኔም ሳልፈልግ የእርሱ።

በ1967 ዓ.ም. ይህ ዱካ ይለወጣል። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኑ። ክርክሩም ወደ ገበሬ ማኅበርና ወደ ቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች ሥር ገባ። ከዚህ በኋላ አንድ ቤት ሁለት ታሪክ ይኖረዋል፤ የተወረሰበት ሰው ታሪክና ተከራይቶ አርባ ዓመት ልጅ ያሳደገበት ሰው ታሪክ። የአዲስ አበባውን ካዛንችስ ተመልከቱ። ስሙ ራሱ ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራው መኖሪያ የመጣ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ሌላ ሰው ገባበት፤ ከ1967 በኋላ ሌላ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በመልሶ ማልማት ሰፈሩ በሰፊው ፈረሰ። ዛሬ «ይህ ቤት የማን ነበር?» ቢባል መልሱ አንድ ስም ነውን? አይደለም፤ ተራ የያዘ የስም ዝርዝር ነው። ባለቤትነት አንድ ነገር ነው፤ በቤት መኖር ሌላ ነገር ነው፤ ታሪክ ሁለቱንም ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ መዝገብን እንደ ጣዖት አናምልከው። መዝገብ የሚይዘው ጠብን ነው እንጂ ሰላምን አይደለም። ስድሳ ዓመት በፍቅር የተኖረበት ቤት አንድም ገጽ አይኖረው ይሆናል፤ ሦስት ዓመት የተጣሉበት ቤት ግን ወፍራም ፋይል አለው። ለመክሰስ ስንቅ፣ ጊዜና አፈኛነት ያስፈልግ ነበርና መዝገብ ላለውና ለሚናገረው ሰው ያደላል። ጭሰኛው፣ አገልጋይዋ፣ ተከራዩ ብዙ ጊዜ የሚታዩት በምስክርነት ከተጠሩ ነው፤ ካልተጠሩ የሉም። የሐሰት ምስክርም እንደ እውነተኛው በዚያው ቀለም ይጻፋል። ፍርዱ የክርክሩ ፍጻሜ ነው እንጂ የእውነት ፍጻሜ አይደለም። ስለዚህ መዝገብ የሚያነብ ሰው የመጨረሻውን ገጽ አንብቦ መዝጋት የለበትም። የተሸነፈው ምን አለ? ለምንስ አልታመነም? ማን ሳይጠየቅ ቀረ? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው እንበል። የአያቱን ቤት ታሪክ ሲፈልግ አያቱ ቤቱን ያገኙት አንዲት ወላጅ አልባ ልጅን በሐሰት ምስክር ረትተው እንደ ሆነ ከመዝገቡ ተረዳ። ምን ያድርግ?

አንዱ መልስ «የሞተ ነገር አትቀስቅስ» የሚል ነው። ይህ መልስ የሚናቅ አይደለም። ሕግም ይህን ያውቃል። የ1952ቱ ሕግ በቁጥር 1168 አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ አሥራ አምስት ዓመት ተከታትሎ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ይላል። ሰው ሁሉ ስለ ቅድመ አያቱ ነገር ሲካሰስ ቢኖር ማንም ተረጋግቶ አያርስም፣ አይሠራም፣ አይድርም። ሌላው መልስ ደግሞ የአባቶች ብሂል ነው፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ»። ይህም የሚናቅ አይደለም። ግፍ ስለቆየ ብቻ ጽድቅ የሚሆን ከሆነ ግፈኛ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ ብሂሎች የሚጣሉት ሁለት ነገሮችን ስለምናደባልቅ ነው። ክስ መመሥረትና ታሪክ መናገር አንድ አይደሉም። ይርጋ ክስን ያግዳል እንጂ የሆነውን ነገር አልሆነም አያሰኝም። ያ የልጅ ልጅ ቤቱን አስረክቦ ሜዳ ላይ እንዲወድቅ አልፈርድበትም፤ እርሱ የሐሰት ምስክር አላቆመም፤ በዚያ ቤት ልጆች ወልዶበታል። ነገር ግን መዝገቡን ካነበበበት ቀን ጀምሮ «ይህ ቤት ከጥንት የእኛ ነው» የማለት መብት የለውም። የዚያች ልጅ የልጅ ልጅ መጥታ «አያቴ ተበድላለች» ብትለው «ውሸታም» ሊላት አይገባም። «አዎን፣ ተጽፎ አይቻለሁ» ሊላት ይገባል። ይህ ቃል ቤት አይመልስም። ሆኖም የተበደለ ሰው ሲፈልገው የኖረው ብዙ ጊዜ ይኸው ቃል ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚለው ሰው የቆጨው የጭብጦዋ ዋጋ አይደለም፤ የሚሰማው ማጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «እኛ ተገፍተን የወጣን ሰዎች ነን። ቤታችን ተቃጥሏል ወይም ተይዟል። የቤታችንን ጉድለት ራሳችን ከጻፍን በያዙብን ሰዎች እጅ ጦር ማቀበል አይሆንም ወይ?» ይህ ከሆድ የሚወጣ ጥያቄ ነውና ማለፍ አይገባም። ሁለት መልስ አለኝ።

አንደኛው መልስ የልምድ ነው። የሚጎዳውን ሳይደብቅ የሚናገር ምስክር በሚጠቅመውም ይታመናል። በቦስኒያ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1995 በዴይተን ስምምነት ካበቃ በኋላ ተፈናቃዮች ወደ ቀድሞ ቤታቸው የመመለስ መብት ተሰጣቸው፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም ሁለት መቶ ሺህ ያህል ቤት ለቀድሞ ነዋሪዎቹ ተመለሰ። በዚያ ሥራ በየቤቱ ገብቶ የተገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ ከሌላ ቦታ የተፈናቀለ ነበር። እንዲህ ያለውን ቋጠሮ ጩኸት አይፈታውም። የሚፈታው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቤት፣ በዚህ መብት ማን ይኖር እንደ ነበር በዝርዝር የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ስለ አንድ ቤት «ሁሉም የእኔ ነበር» ከሚል ሰው ይልቅ «ቤቱ የእኔ ነው፤ የጓሮው ሁለት ክንድ ግን ከጎረቤቴ ጋር ያከራክረናል» የሚል ሰው በዳኛ ፊት ይከብዳል።

ሁለተኛው መልስ የኅሊና ነው፤ ለእኔ የሚበልጠውም እርሱ ነው። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ምንድን ነው? የተሸነፈው፣ የወጣው፣ የራቀው ሰው ቃልም ይጻፍ፤ ቤት የያዘው ሰው ቃል ብቻውን ታሪክ አይሁን ማለታችን አይደለምን? ይህንን ለራሳችን ስንጠይቅ ለሌላው ከነፈግን ጥያቄያችን ፍትሕ ሳይሆን ተራ ብቻ ይሆናል፤ ትናንት የእናንተ ተራ ነበረ፣ ነገ የእኛ ይሁን ማለት ነው።

ስለሆነም ወገኖቼ፣ መዝገብ ቤቶቻችን በምን ሁኔታ እንደሚቆዩን ሳንጠብቅ የራሳችንን መዝገብ እንጀምር። አንድ የተማሪ ደብተር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። የቤቱ አራት አዋሳኝ በስም ይጻፍ። ቦታው በውርስ፣ በግዢ፣ በሽግሽግ ወይስ በምሪት እንደ መጣና ከማን እንደ መጣ ይጻፍ። ማን እንደ ሠራው፣ በማን ገንዘብና ጉልበት እንደ ተሠራ ይጻፍ፤ የሚስቶችና የእናቶች ስም አይዘለል። ከእኛ በፊት በቦታው ማን ይኖር ነበር? የይዞታ ደብተርና የግብር ደረሰኝ ነበረን? የት ቀረ? በማኅበራዊ ፍርድ ቤት፣ በወረዳ ወይም በሽማግሌ የታየ ክርክር ነበረን? ማንስ ረታ፣ የተረታው ምን ይል ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ በዚህ ቤት ላይ ቅሬታ ያለው ሰው ማን ነው? እርሱ ቢጠየቅ ምን ይላል?

ከተጻፈ በኋላ ለሌላ ሰው ይነበብ። የሚሻለው እማኝ ወዳጅ አይደለም፤ ወንዝ ማዶ የነበረው፣ በድንበር የተጣላን፣ ዛሬ ግን በዚሁ ውሃ መቅጃ ወረፋ አብሮን የቆመው ሰው ነው። እርሱ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ግን ልክ አይደለም» ይበል። ልክ አይደለም ያለውም ሳይሰረዝ ከጎኑ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙበት። መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ቢያስጽፉ የትምህርት ቤቱ ወጣቶች ይጽፉላቸዋል። ጥያቄዎቹን በዚህች ወረቀት ጀርባ በቁጥር አስፍሬአቸዋለሁ፤ ወረቀቷ ወደ ሌላው ብሎክ ከመተላለፏ በፊት ገልብጡአቸው።